ቀባ፣ ቀባ፣ ቀባ

ኀሙስ ከምሳ በኋላ ልጅቷ ላፕቶፗን እንደከፈተች ታቅፋ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ማሽን ምን እያለኝ ነው?» ብላ ስክሪኑን አዞረችልኝ። የደንበኛው ስም መምጣት በነበረበት ቦታ ስም የለም። መጀመሪያ ስምንት የተዘበራረቁ ፊደላትና ቁጥሮች ተደርድረዋል። ከእነሱ ቀጥሎ አራት የላቲን ፊደላት፦ ኪው፣ ኢ፣ ቢ፣ ኤ። ቀጥሎ ያው ኪው፣ ኢ፣ ቢ፣ ኤ። ቀጥሎም ያው፣ መስመሩ እስኪያልቅ። ልጅቷ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ የምትጽፈው በስልክ፣ ከአክስቶቿ ጋር፣ በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ያየችውን እንደ እንግሊዝኛ አላነበበችውም። «ቀባ፣ ቀባ፣ ቀባ፣ ቀባ ይላል» አለችና ሳቀች። «ማንን ነው የቀባው?»

የቀባው እኔን ነበር። ያን ነገር ሳቋቁም ሦስት ሳምንት የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ጠዋት ላይም ለአለቃዬ «አልቋል» ብዬ ጽፌያለሁ።

የምንሠራው ቨርጂንያ፣ ሪችመንድ ከተማ፣ ስሙ ይቅርና አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ነው። እሷ ደንበኛው በስልኩ የሚያየውን ወገን ትሠራለች። እኔ ትልቁን ኮምፒውተር፣ ሜይንፍሬሙን፣ ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። የድርጅቱ ውሎች በሙሉ ያሉት እዚያ ላይ ነው፤ ውሎቹን ከፋይል አውጥቶ የሚያነብበው የኮቦል ፕሮግራም ራስጌው ላይ 1986 የሚል ዓመት አለበት። የጻፈው ሰው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ፕሮግራሙ ግን አንድ ቀን ታምሞ አያውቅም፤ በዚህም የተነሣ የሚነካው የለም። የተሰጠኝ ሥራ በአጭሩ ይኸው ነበር፦ ፕሮግራሙ አንዲት መስመር ሳይቀየርበት ከስልክ ለሚመጣ ጥያቄ እንዲመልስ፣ ለብቻው አዲስ ሪጅን አቋቁምለት።

ሪጅን የሚለውን ቃል ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልበለው። ሜይንፍሬም ላይ ሲአይሲኤስ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ አሜሪካኖቹ አራቱን ፊደላት አንድ በአንድ ይጠሯቸዋል፣ እንግሊዞቹ ግን አሳጥረው «ኪክስ» ይሉታል። ሪጅን ማለት በማሽኑ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ ለዚህ ሶፍትዌር የታጠረ አንድ ግቢ ነው። ጠያቂው ሁሉ ወደ ግቢው ይገባል። የአንዱ ፋይል ከዲስክ እስኪመጣ ሲአይሲኤስ ቆሞ አይጠብቅም፤ ጎበዝ አስተናጋጅ የአንዱ ማኪያቶ እስኪፈላ የሌላውን ትእዛዝ እንደሚቀበለው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለዚያ ነው በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ እያንዳንዱ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ የሚያስበው።

እኛ ሪችመንድ መሆናችን የሚያስገርም ነገር አለው። ይህ ሐሳብ የተጠነሰሰው እዚሁ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቤን ሪጊንስ የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ ለቨርጂንያው የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ይሠራ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር ሥራውን የሚሠራው እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ካርዱን ቀን ታከማቻለህ፣ ሌሊት ይፈጫል፣ ጠዋት ወረቀቱን ትወስዳለህ። ስለ ሒሳቡ ስልክ የደወለ ደንበኛ ግን ጠዋትን አይጠብቅም። ሪጊንስ ለዚህ ደዋይ እዚያው በመስመር ላይ የሚመልስ አንድ የጋራ ሥርዓት አሰበ። ሥራው በ1966 እ.ኤ.አ. ወደ ኢሊኖይ ዴስ ፕሌይንስ ሄደ፣ በመጀመሪያ ስሙም ላይ የሕዝብ አገልግሎት ድርጅቶች የሚል ቅጥያ ነበረው፤ በጁላይ 1969 ቅጥያው ቀርቶ ለሁሉም ወጣ። በ1974 ደግሞ ልማቱ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፣ ሃምፕሻየር ውስጥ ወዳለው ሀርስሊ። ያ የሀርስሊ ቤት ራሱ ታሪክ አለው፤ በ1940 ሳውዝሃምፕተን በቦምብ ሲደበደብ የስፒትፋየር አውሮፕላን ነዳፊዎች ተሰደው የገቡት እዚያ ነው። ከጉዳዬ ጋር አይገናኝም፤ ግን ባነሣሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወደ ግቢዬ ልመለስ። የመጀመሪያው ሳምንት ያለፈው መዝገብ በመክፈት ነው። የፕሮግራሞችና የፋይሎች ስም የሚሰፍርበት መዝገብ፤ ሪጅኑ ወድቆ ሲነሣ ማን እንደነበረ የሚያስታውስበት መዝገብ፤ ሲሞት ሬሳውን የምንመረምርበት የደምፕ ፋይል። አሰልቺ ነው፣ አልደክምበትም። ከማስነሻ መስመሮቹ አንዷ ግን ልትጠቀስ ይገባል፦ ቲሲፒአይፒ ይኑር ወይስ አይኑር የምትለው። «አይ» ካልካት ሪጅኑ ጤነኛ ሆኖ ይነሣል፣ ለኢንተርኔት ግን ደንቆሮ ነው። «አዎ» ብዬ አስነሣሁት። መልእክቶቹ ወረዱ፣ ወረዱና በመጨረሻ ሁልጊዜ የምጠብቃት መጣች፤ ቁጥሯ 1517 ነው፣ ትርጉሟም «ቁጥጥሩ ለሲአይሲኤስ እየተሰጠ ነው»። የንግሥ በዓል ትመስለኛለች። ስንት ዓመት ሳያት፣ ዛሬም ካላየኋት ከወንበሬ አልነሣም።

ሁለተኛው ሳምንት የፈቃድ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ ኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ ነው፤ በሶፕ ደንብ ፖስታ ውስጥ ተከቶ ይላካል፣ ፖስታው ራስጌና አካል አለው። ሲአይሲኤስ ይህን ፖስታ የሚከፍትበት መሥመር ፓይፕላይን ይባላል፤ ከ2005 ጀምሮ፣ ከ3.1ኛው ስሪት ወዲህ፣ አብሮት የተሠራ ነው። ፓይፕላይኑ ሁለት ማህደር ይፈልጋል። አንደኛው አዲስ የአገልግሎት ፋይሎችን የሚያነሣበት ነው፤ ሌላው «መደርደሪያ» ይባላል፣ የራሱን ቅጂ የሚያስቀምጥበት። ሁለቱም ያሉት በማሽኑ የዩኒክስ ወገን ነው። ሜይንፍሬም ውስጥ ሁለት መንግሥት አለ፤ ጥንታዊው አለ፣ ዘግይቶ የገባው ዩኒክስ አለ፣ የአንዱ ዜጋ በሌላው ሰው አይደለም። የእኔ ሪጅን መታወቂያ የዩኒክስ ቁጥር አልተሰጠውም ነበር። መደርደሪያው ላይ ሊጽፍ ሲሞክር ራክኤፍ፣ የማሽኑ ዘበኛ፣ «ፈቃድህ አይበቃም» ብሎ መለሰው። ቅጽ ሞላሁ፤ የደኅንነት ክፍል ሁለት ቀን አስጠብቆ ቁጥሩን ሰጠ። ፓይፕላይኑ ተከፈተ።

ቀጥሎ ዋናው ነገር መጣ። የኮቦል ፕሮግራሙ ኤክስኤምኤል አያውቅም። የሚያውቀው ኮፒቡክ በሚባለው የመዝገብ ንድፍ ላይ የተሠመረለትን ብቻ ነው፦ የውል ቁጥር 8 አኃዝ፣ ቀጥሎ ስም 30 ቦታ፣ ቀጥሎ ቀን፣ ቀጥሎ የገንዘብ መጠን። ባይቶቹ በዚህ ቅደም ተከተል፣ ያለ ኮማ፣ ያለ ምልክት፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ካልመጡለት አይገባውም። ስለዚህ በመሀል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚውን የሚያዘጋጅ አንድ ጆብ አለ፤ ኮፒቡኩን ያነብና ሁለት ፋይል ያወጣል። አንዱ ለውጭው ዓለም ነው፣ «አገልግሎቱ ይህን ይጠይቃል፣ ይህን ይመልሳል» የሚል መግለጫ፤ ሌላው ለሪጅኑ ነው፣ የትኛው ባይት ወደየትኛው የኤክስኤምኤል ስም እንደሚሄድ የሚያስር። ጆቡን ከባዶ አልጻፍኩትም። ሜይንፍሬም ሠራተኞች ዘንድ የቆየ ቀልድ አለ፦ በዓለም ላይ ከባዶ የተጻፈ ጆብ አንድ ብቻ ነው፣ የቀረው ሁሉ የእሱ ግልባጭ ነው። እኔም ለሌላ አገልግሎት ተሠርቶ የነበረ ገለበጥኩ፣ ስሞቹን ለወጥኩ፣ አስኬድኩት። ሁለቱም ፋይሎች ወጡ። ፓይፕላይኑን «ማህደሩን ቃኝ» አልኩት፤ አገልግሎቱን አግኝቶ መዘገበ። ፖርቱ ክፍት፣ አገልግሎቱ ሥራ ላይ። ለአለቃዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ልጅቷ መጣች።

የመጀመሪያ ጥርጣሬዋ ምስጠራ ነበር። «ኢንክሪፕት አድርጋችሁት ይሆን?» አይደለም፤ ይህ የሙከራ ፖርት ነው፣ ምንም አልተቆለፈበትም። የእኔ ጥርጣሬ ደግሞ ሌላ ነበር፤ የቆየ የሜይንፍሬም ሰው መጀመሪያ የሚፈራው መንሸራተትን ነው። አስተርጓሚው ከአንድ ኮፒቡክ፣ ፕሮግራሙ ከሌላ ኮፒቡክ ተሠርተው ከሆነ አንዱ 30 ብሎ የጠበቀውን ሌላው 20 ይልና ሁሉም ነገር በአሥር ባይት ይገፋል። ጥያቄውን እንደገና እንድትልክ ነገርኳትና በእኔ ስክሪን የሚሠሩትን ተግባራት እያየሁ ጠበቅሁ። የፓይፕላይኑ ተግባር፣ ባለ አራት ፊደሉ ሲፒአይኤች፣ ብልጭ ብሎ ጠፋ። መልሱ መጣ። ያው ቀባ፣ ቀባ።

«ሌላው እንዴት ነው? ከስሙ ውጪ ያለው?»

ወደ ታች ወረደች። የውል ቁጥሩ ትክክል ነው። ቀኑ ትክክል ነው። ከስሙ በኋላ የሚመጣው የገንዘብ መጠን እስከ ሳንቲሙ ትክክል ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ተንሸራትቶ ቢሆን ኖሮ ከስሙ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሽ ነበር፤ በተለይ ገንዘቡ፣ በአንድ ባይት ሁለት አኃዝ እየታሸገ የሚቀመጠው፣ አንድ ባይት ቢስት መልስ ሳይሆን «ሶክ ሰቨን» የምንለው አደጋ ነው የሚመጣው፤ ቁጥር ተብሎ የተያዘው ቁጥር ሳይሆን ሲቀር። ያ አልሆነም። ማለት ባይቶቹ ቦታቸውን አልለቀቁም። ቁጥሮቹ በሰላም ተተርጉመዋል፤ ሳይተረጎም የቀረው ፊደል ብቻ ነው።

«ይሄ እኮ ቤዝ ሲክስቲፎር ነው» አለች ድንገት። ይህን እሷ ናት የምታውቀው፣ እኔ አይደለሁም። ፎቶና ድምፅ የመሰለ ጥሬ ባይት በጽሑፍ መሀል ሲላክ በ64 ምልክቶች የሚጻፍበት ሥርዓት ነው። ገልብጣ መፍቻ ውስጥ ከተተችው። ወጣ። ይበልጥ ባሰ፦ አናታቸው ላይ ጭረትና ቆብ የደፉ አምስት የላቲን ፊደላት፣ ከዚያ @፣ @፣ @፣ @፣ @...

«የኢሜይል አድራሻ ነው?»

ያቺን ምልክት የት ነው እንደዚህ ተሰልፋ ያየኋት? አውቃታለሁ፤ ስሟ ግን አልመጣልኝም። «ስንት ናቸው? ቁጠሪልኝ» አልኳት። በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ሃያ አምስት።

ኮፒቡኩን አየሁት። ስም፦ 30 ቦታ። ከ30 ላይ 25 ሲነሣ 5። የሙከራው ደንበኛ ስሚዝ ነው የሚባለው፣ ስሚዝ ደግሞ በላቲን አምስት ፊደል ነው።

«ባዶ ናቸው» አልኳት።

«ምናቸው ባዶ ነው? ሙሉ መስመር እኮ ነው!»

«ይሄ ሁሉ @ ባዶ ቦታ ነው። ከስሚዝ በኋላ ያልተጻፈበት ቦታ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ሠንጠረዥ ነው። እሷ ያደገችበት ዓለም አስኪ በሚባለው ሠንጠረዥ ልጆች የተሞላ ነው፤ ሜይንፍሬሙ ኢብሲዲክ በሚባል በሌላ ነው የሚያነብበው። በኢብሲዲክ ባዶ ቦታ 40 ነው። በአስኪ 40 ደግሞ @ ናት። ለእኛ አርባ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣበት፣ የሞተም ሰው ተዝካሩ የሚወጣበት ቀን ነው፤ ይህች 40 ግን በአሥራ ስድስት የምትቆጠር ናት፣ በእኛ ቆጠራ 64 ትሆናለች። የእሷ የፎቶ መላኪያም በ64 ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በአጋጣሚ ብቻ ነው፤ እኛ ግን ያን ዕለት ከሰዓት ምንም ነገር አጋጣሚ አልመስለን ብሎ ነበር።

«ታዲያ ቀባ ከየት መጣ?» አለች። ወረቀት አወጣሁ። 40 በዜሮና በአንድ ሲጻፍ 01000000 ነው። ሦስት ባዶ ቦታ ጎን ለጎን ስትደረድሪ 24 ቢት ይሆናል። የአንቺ ሥርዓት ስምንት ስምንት አይቆጥርም፣ ስድስት ስድስት ነው የሚቆርጠው፦ 010000፣ 000100፣ 000001፣ 000000። ይህም 16፣ 4፣ 1፣ 0 ነው። ኤን ዜሮ ብለሽ ከጀመርሽ 16ኛው ኪው ነው፣ 4ኛው ኢ፣ 1ኛው ቢ፣ ዜሮው ኤ። ከእጄ እስክሪብቶውን ወስዳ ራሷ ደገመችው። ሦስት ባዶ፣ አንድ ቀባ። ስምንት ቀባ 24 ባዶ ነው። 25ኛውን ስትፈልግ ትንሽ ቆየች፤ መጀመሪያ ላይ ከነበሩት ስምንት የተዘበራረቁ ምልክቶች መጨረሻ ላይ፣ ከስሚዝ የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ጋር ተዳብሎ አገኘችው። ሒሳቡ ዘጋ።

«ስለዚህ ማሽንዎ ከምሳ ጀምሮ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ ነው የሚለኝ» አለች።

አዎ። ግን ለምን ሳይተረጉም? ይህ ገና አልተፈታም። እኔ ወደ ለመድኩት ሄድኩ፤ ሪጅኑ የትኛውን የፊደል ሠንጠረዥ እንደሚጠቀም የምትነግረውን መስመር አየሁ። 037 ትላለች፣ የአሜሪካው ኢብሲዲክ ነው፣ ልክ ነው። የማሽኑን የመቀየሪያ አገልግሎት አየሁ፤ ቆሟል እንዳልል ሌሎች ሪጅኖች እየተጠቀሙበት ነው። ሰዓቱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ በአሜሪካ አቆጣጠር ሆነ፣ የመኪና ማቆሚያው መራቆት ጀመረ። ልጅቷ ከኋላዬ ቆማ የእኔን ሳይሆን የራሷን እያሰበች ነበር።

«ጋሼ፣ የረሳው አይመስለኝም። ቢረሳ ኖሮ ባይቱ ዝም ብሎ በቁሙ ይመጣ ነበር። ይሄ እኮ አስቦ ነው ያሸገው። እኛ እንደዚህ የምናሽገው ፎቶ ስንልክ ነው። ስሙን ፎቶ ነው ብሎታል።»

ፎቶ።

የገለበጥኩት ጆብ የማን እንደነበረ ያኔ ትዝ አለኝ። የውል ፊርማዎችን ምስል የሚያመጣ አገልግሎት ነበር። ኮቦል ውስጥ የምስል ባይትም የፊደል ባይትም የሚጻፉት በአንድ ዓይነት አገላለጽ ነው፤ ፕሮግራሙ ልዩነት አያደርግም። ልዩነቱን የሚናገረው አስተርጓሚ አዘጋጁ ጆብ ነው፣ በአንዲት ፓራሜትር፦ የፊደል ሜዳዎች እንደ ጽሑፍ ይታዩ ወይስ እንደ ጥሬ ባይት? ለፊርማ ምስል «ጥሬ ባይት» ነው ትክክሉ፤ አንድ ባይት እንኳ ቢተረጎም ፊርማው ይበላሻል። ያ ሰው በትክክል ጽፏል። እኔ ስሞቹን ስለውጥ ያቺን መስመር ዘልያታለሁ። ሲአይሲኤስ የታዘዘውን አድርጓል፣ መፍቻዋም የተላከላትን ፈትታለች፤ ቁጥሮቹም የዳኑት ፓራሜትሯ የምትመለከተው የፊደል ሜዳን ብቻ ስለሆነ ነው።

መስመሯን ቀየርኩ፦ ጽሑፍ ይሁን፣ ከኋላ የሚንጠለጠለውም ባዶ ይቀረፍ። ጆቡን እንደገና አስገባሁ።

ጆቡ እስኪያልቅ «ለምንድን ነው ግን ሁለት ሠንጠረዥ ያስፈለገው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ዓመቴ! የድሮው ካርድ ነው መልሱ። የ1890ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከተሠራበት ከሆለሪዝ ካርድ የመጣ ዘር ነው። በኋላ የአይቢኤሙ ካርድ 80 ዓምድ፣ 12 ረድፍ ነበረው። ፊደል የሚበሳው በሁለት ቀዳዳ ነው፤ አንዱ ከላይ የቤቱን ስም ይናገራል፣ ሁለተኛው ከ1 እስከ 9 ተራውን። ቤቱ ዘጠኝ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከኤ እስከ አይ አንድ ቤት፣ ከጄ እስከ አር ሌላ ቤት፣ የቀሩት ሦስተኛ ቤት። አይቢኤም በኤፕሪል 1964 ሲስተም 360ን ሲያስተዋውቅ ኢብሲዲክ ይህንኑ ወረሰ፤ ኤ ሲ1 ነው፣ አይ ሲ9፣ ጄ ግን ተዘልሎ ዲ1 ላይ ይጀምራል። አስኪ ያን ጊዜ ገና የአንድ ዓመት ልጅ ነበር። አስኪ ውስጥ ፊደላቱ ሳይቋረጡ ይከተላሉ፤ ለዚያ ነው በአስኪ ያደገ ፕሮግራመር ከአይ ቀጥሎ ጄ ይመጣል ብሎ አንድ ደምሮ ፊደል የሌለበት ቦታ ላይ የሚወድቀው።

«ሀ ሁ ነው የሚመስለው፣ በቤት በቤት» አለች። ሀ ሁን የተማረችው ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ግማሹን ረስታዋለች፣ ይህን ግን አልረሳችም። እውነቷን ነው። የዓለም ፊደላት በሚሰፍሩበት ሠንጠረዥ፣ በዩኒኮድ ውስጥ፣ የእኛ ፊደል የሰፈረው እንደዚያው ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ፣ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላለው።

ጆቡ አለቀ። ፋይሉን ወደ ማህደሩ ወሰድኩ፣ ፓይፕላይኑን ቃኝ አልኩት፣ እሷ አዲሱን መግለጫ ጭና ጥያቄውን ላከች። ስሚዝ። አምስት ፊደል፣ ከኋላው ምንም የለም። እጇን ከፍ አደረገች፣ መታሁላት።

እዚህ ላይ ብንበቃ ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ስም የሚቀይረውን አገልግሎት ከፈትንና፣ ሙከራውን እሷ ስትልክ፣ ምን እንደገፋፋት አላውቅም፣ አዲሱ ስም በሚለው ሜዳ በግዕዝ ፊደል «ሰላም» ብላ ጻፈች። ከኤክስኤምኤሉ ፖስታ ውስጥ የወጣውን ባይት አሳየችኝ፦ ኢ1 88 ቢ0፣ ኢ1 88 8ቢ፣ ኢ1 88 9ዲ። ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት፣ በዩቲኤፍ 8 የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ባይት ይወስዳል። «ተሳክቷል የሚል መልስ መጣልኝ» አለች።

ፋይሉን ከፍቼ መዝገቡን በአሥራ ስድስት ቁጥር አየሁት። 3ኤፍ፣ 3ኤፍ፣ 3ኤፍ። ከዚያ ሃያ ሰባት ጊዜ 40።

አስተርጓሚው 037 ውስጥ ሰ ፈለገ፣ የለም፤ ላ ፈለገ፣ የለም፤ ም የለም። ላልተገኘ ፊደል የሚቀመጥ አንድ ምትክ አለ፣ በኢብሲዲክ ቁጥሩ 3ኤፍ ነው። ሦስቱንም በእሱ ተካቸው። ሦስቱ አሁን አንድ ናቸው፤ ከዚያ መዝገብ ማንም፣ በምንም ሠንጠረዥ፣ ሰላም ብሎ ሊያነብ አይችልም። «በእኔ ሠንጠረዥ 3ኤፍ ምንድን ነው?» ብላ ራሷ ፈለገችው። የጥያቄ ምልክት ነው።

ፕሮግራሙ ሲጻፍ በ1986 ዩኒኮድ ራሱ አልነበረም፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0ኛው እትም፣ በ1999 ነው። ኮቦል ዛሬ ይችለዋል፤ ባለ ሁለት ሁለት ባይት ሜዳ አለው፣ ፓይፕላይኑም ለእንዲህ ያለ ሜዳ በ037 በኩል ሳያልፍ ሊያደርስለት ይችላል። 30 ፊደል 60 ባይት ይሆናል። መዝገቡ ይሰፋል፣ ፋይሉ እንደገና ይጫናል፣ ማንም የማይነካው ፕሮግራም ይነካል። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ኮፒቡኩን ያትሙልኝ» አለች። አተምኩላት። ስም፣ 30 ቦታ የሚለውን መስመር በቢጫ ቀለም አሠመረችበትና ይዛው ሄደች።

የሙከራ መዝገብ ሁልጊዜ አጠፋለሁ፤ ልማዴ ነው። ይህኛውን ላጠፋ ስል «ይቆይ» አለችኝ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፦ ሦስት 3ኤፍ፣ ሃያ ሰባት 40።